ጋሼ ያላዩት መብራት

ማክሰኞ

ጋሼ ዛሬ አጣሪ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። እጃቸውን አንስተው ማሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ እኔ የጻፍኩላቸውን አነበቡ። ከንቲባ ከሆኑ ጀምሮ በሕዝብ ፊት የተናገሩትን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቢሮ ውስጥ «ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ አለው፣ ከንቲባው ደግሞ አፈ ከንቲባ አላቸው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ጥሩ ነበር። በተለይ አንድ ቦታ ላይ፦ «በዚያ ዝናብ በእግሬ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። በማዋለጃ ክፍሉ መስኮት መብራቱን አየሁ፣ የጀነሬተሩን ድምፅ ሰማሁ፣ ልቤ አርፎ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።» ሲወጡ አንዲት ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች እጃቸውን ጨበጠቻቸው።

ኮሚቴው የተቋቋመው በዚያ ዝናባማ ምሽት የጤና ጣቢያው ጀነሬተር ለምን እንዳልሠራ ለማጣራት ነው። የከተማው መብራት ጠፍቶ ነበር። አንዲት ወላድ በጨለማ ደም ፈሷት ሞተች። ልጁ ተርፏል።

ስንመለስ ጋሼ መኪና ውስጥ መነጽራቸውን ሲያወልቁና ሲያደርጉ መጡ። ደክሟቸው ይሆናል።

ሐሙስ፣ በጥድፊያ

የጀነሬተሩ ሰው ከሥራ ታገደ። ጤና ጣቢያው ውስጥ «ሻማው» ነው የሚሉት፣ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ። አመሻሹ ላይ መብራቱ በርቶ ከታየ፣ የጠፋው እሱ ተኝቶበት ነው ተባለ። ከንቲባው በመሐላ አረጋግጠዋል ተባለ። ክስም ሊመሠረትበት ይችላል አሉ። እየጠሩኝ ነው።

ቅዳሜ

እትዬ ለምሳ መጣች። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጅ፣ ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ አባል። ምክር ቤት «መቀስ» ነው የሚሏት። ሰው ንግግር ሲያስረዝም ትቆርጠዋለች። በንግግር ማስረዘም ለሚኖር እንደ እኔ ላለ ሰው እንዲህ ዓይነት ዘመድ ማግኘት ዕድል አይባልም።

እጇን ታጥባ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ከንቲባችሁ መጥቼ ነበር አሉ አይደል?»

«እንደዚያ ነው ያሉት።»

«እኔ ከቀትር ጀምሬ እዚያው ነበርኩ። የመጣ ሰው የለም። መብራትም የለም፣ ለአፍታ እንኳ አልበራም። ሻማው ባዶውን በርሜል እያንኳኳ ናፍጣ የለም፣ ናፍጣ የለም ሲል ነው የዋለው። ማን ይናገር የነበረ ይባል የለ? እኔ ነበርኩ።»

«እሱን ለኮሚቴው ንገሪያቸዋ።»

«እነግራቸዋለሁ። አንተ ግን ከሰውየው አጠገብ አትጠፋም። ሄደው ነበር?»

ባለቤቴ ወጡን እያወጣች ቀና ብላ አየችኝ። ያን ምሽት ጋሼ ቤታቸው ነበሩ። የማውቀው እኔም አብሬያቸው ስለነበርኩ ነው። ጠዋት አዲሱ መናኸሪያ ተመርቆ ነበር፣ ፋኖስ አብርተን የምረቃውን ንግግር እያነሳን ስንስቅ ነው ያመሸነው። ለእትዬ ግን «ሥራዬ መጻፍ ነው እንጂ ሰው መከተል አይደለም» አልኳት። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሁለቱም አልሳቁም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሰኞ

ስለዚያች መስኮት በእርጋታ ልጻፍ።

እያንዳንዱ ንግግር ሰሚው በዓይኑ የሚያየው አንድ ነገር ይፈልጋል። ይህ የሙያው ሕግ ነው። ሰው ሐሳብ አያምንም፣ መስኮት ያምናል። ለመናኸሪያው ምረቃ ለጋሼ ጫማቸው እስኪበሳ በእግራቸው የተጓዙ አባት ሰጥቻቸዋለሁ። እውነተኛው አባታቸው በመኪና እንጂ በእግር የትም ሄደው አያውቁም። ለትምህርት ቤቱ በዓል በመንገድ መብራት ሥር ያስጠኗቸው እናት ሰጥቻቸዋለሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ማንም የተጎዳ የለም። ጋሼም አስቀድመው አያነቡም። «ንግግሬን እኔም ከሕዝቡ ጋር ነው የምሰማው» ይላሉ፣ በዚህም ይኮራሉ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ወረቀት አይወዱም።

ይሄኛውንም እንደዚያው ጻፍኩት። ለማማር። ከፊቱ መሐላ እንዳለበት አላሰብኩም ብል ማን ያምነኛል? ግን ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ መሐላ አይጠይቅም።

ረቡዕ

ጋሼ አስጠሩኝ። በሩን እንድዘጋ ነገሩኝ።

«ያቺን መስኮት ከየት አመጣሃት?»

«ጋሼ፣ አይተውት ነበር ብዬ…»

«መቼ አይቼ አውቃለሁ?» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «ስደርስባት ደነገጥኩ። ቁልቁለት ላይ መኪና ሲያንደረድርህ ታውቀዋለህ? ፍሬን ብይዝ እገለበጣለሁ አልኩ። ዝም ብዬ ነዳሁት።»

መነጽሩን አንስቼ ወደ እሳቸው ገፋሁላቸው።

«ሰውየውን አገዱት አሉ» አሉ ጋሼ። «ያን የጀነሬተሩን። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነገ ኮሚቴው ጋ ሄጄ ተሳስቻለሁ ልበላቸው። ምን ትላለህ?»

እንዲህ አልኳቸው፦ አሁን ቢያርሙት ሌላውንም ሁሉ ይመረምሩብዎታል፤ ሰውየው ላይ የደረሰው እገዳ እንጂ ቅጣት አይደለም፤ ነገሩ ትንሽ ይብረድ። በደንብ ነው የተናገርኩት። ስናገር የማምር አይደለሁም፣ ያን ጊዜ ግን አማረልኝ።

ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እንግዲህ አንተ ካልክ» አሉ።

ይብረድ ያልኩት እኔ ነኝ። ይሄ እዚህ ተጽፎ ይቀመጥ።

ዓርብ

ፀጉሬን ልቆረጥ ሄድኩ። ወሬው ይሄው ነው። አዋላጇና ሁለቱ ነርሶች ትናንት ማሉ፤ የመጣ ሰው የለም፣ የበራ መብራት የለም አሉ። ከተማው በሙሉ አንደኛው ወገን ዋሽቷል እያለ ነው።

«ባለሥልጣን ሲዋሽ ገና ዛሬ ሰማችሁ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ለአንዲት ውሸት ከንቲባ ይውረድ ከተባለ ወንበሩ ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?»

ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ ጋዜጣውን አጠፈ። «ለሚስቱ ቢዋሽ የሚስቱ ጉዳይ ነው። ምርጫ ሲመጣ አስፋልት አነጥፋለሁ ብሎ ቢዋሽ እሱንም ለምደነዋል። እጁን አንስቶ ከማለ በኋላ ግን ለኔ ነው የዋሸው። ነገ እኔ ፍርድ ቤት ቆሜ ብዋሽ ያስሩኝ የለ?»

«አንተ እዚያው አይደለህ?» አለኝ አስተካካዩ። «ምን ይላሉ?»

ምላጩ አንገቴ ላይ ስለነበር ዝም አልኩ። ምላጩ ከተነሳም በኋላ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት እንደ እኔ ያለውን አላዩም።

እሑድ

ሻማውን ታክሲ ማቆሚያው ላይ አገኘሁት። መሸሽ ፈልጌ ነበር፣ እሱ ቀድሞ አየኝ። ኮፍያውን አነሳልኝ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ ማንሳት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዛሬ ዛሬ የሰው ሬዲዮና ምድጃ እየጠገነ እንደሚውል ነገረኝ።

«ለከንቲባው አንድ ነገር ትነግርልኛለህ?» አለኝ። «ዋሹ አልልም። ሌላ ቤት አይተው ይሆናል። ከኛ በታች ያለው ሆቴል ጀነሬተር አለው፣ መስኮቱም በዚያው በኩል ነው። በዝናብ ሰው ይሳሳታል። እንደዚያ ብለው ቢያርሙልኝ ማንም አይፈርድባቸውም።»

እነግራቸዋለሁ አልኩት።

ለውሸታችን ማስተባበያ ሲያስብልን ከርሟል። ከእኔ ይልቅ እሱ ለጋሼ ቢጽፍላቸው ይሻል ነበር። ታክሲው ሲመጣ አስቀደመኝ።

ሰኞ

አልነገርኳቸውም። ኮሚቴው የጋሼ ቃል ሐሰት ነው ብሎ ደምድሟል። የጤና ጣቢያው ናፍጣ ለመናኸሪያው ምረቃ ተወስዶ እንደነበርም ደርሶበታል። ከሥልጣን ይውረዱ የሚለው ሐሳብ ለምክር ቤቱ ሊቀርብ ነው። ሐሳቡን የምታቀርበው እትዬ ናት። መከላከያውን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ረቡዕ

የባሰው መጣ። እትዬ ጽሑፏን ይዛ ቤት መጣች።

«አንተ ቃል ታውቃለህ» አለችኝ። «ስህተቱን አርምልኝ እንጂ አደራህን አታሳምርብኝ።»

«እትዬ፣ የጋሼንም እኮ የምጽፈው እኔ ነኝ። ይሄ…»

«እንጀራህ ነው፣ አውቃለሁ። እኔን የሚያርመኝ ሌላ ማን አለ? ከተማው ውስጥ ቃል የሚያውቁት አንተና ሰካራሙ ጠበቃ ናችሁ።»

እምቢ ብል ምን ምክንያት እሰጣለሁ? ተቀበልኳት። ጠረጴዛዬ ላይ አሁን ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። የእኔው እንዲህ ይላል፦ «አንዲት ዓረፍተ ነገር የአንድ ከተማ ሕዝብ የሰጠውን ድምፅ ልትሽር አይገባም።» ይደምቃል። የእሷን ግን ልገልብጠው፦

«ናፍጣውን ለምረቃው መውሰዳቸው ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል። ለእሱ ብቻ ይውረዱ አልልም። ውሸት ሁሉም አንድ አይደለም። መሪ ምሎ ሲዋሽ መጠየቅ ያለብን ውሸቱ ማን ላይ ወደቀ ብለን ነው። የራሱን ገመና ለመሸፈን ከሆነና ማንንም ካልነካ እንገሥጸው፣ ይፈር፣ ሥራውን ይቀጥል። ሌላ ሰው እንዲሸከመው ካደረገ ግን ይውረድ። ምክንያቱም ያ ሰው ከመሪው መሐላ ጋር ተከራክሮ ሊያሸንፍ አይችልም።»

አንድ ሥርዓተ ነጥብ ጨመርኩ። ሌላ የሚታረም አጣሁ። አንድ ቦታ ብቻ «ከንቲባው ሆን ብለው በሻማው ላይ ለማላከክ» የሚል ነበር። ሰረዝኩት። ሆን ብለው መሆኑን ልታውቂ አትችይም አልኳት። አሰበችና «እውነትህን ነው» አለች።

ሐሙስ

ሆን ብሎ ያደረገውን ሰው አውቀዋለሁ።

ለማማር ብዬ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት፣ አሳምሬዋለሁ። እውነቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የጻፍኩት ዝናቡንና በእግር መሄዱን ብቻ ነበር። ያ ያማረው ክፍል ነው፣ ማንንም አይነካም። መብራቱንና የጀነሬተሩን ድምፅ የጨመርኩት በኋላ ነው፣ ቁጭ ብዬ፣ አስቤበት። ካልጨመርኩ ኮሚቴው ናፍጣው የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። ጀነሬተሩ ሲሠራ ከተሰማ ናፍጣ ነበረ ማለት ነው። ናፍጣ ከነበረ ጥፋተኛው የጀነሬተሩ ሰው ነው። ይህን ሁሉ አውቄያለሁ። የሰውየውን ስም እንኳ አልጠየቅኩም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ናፍጣው በማን ምክር እንደሄደም አውቃለሁ። መናኸሪያው ምረቃ ላይ ድምፅ ማጉያው እንዳይቋረጥ ከጤና ጣቢያው እንዋስ ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ በዋዜማው «ነገውኑ ከምረቃው እንደወጣን እንዲመለስ» ብለው ፈቀዱ። ማስመለሱ የኔ ፋንታ ነበር። ከምረቃው በኋላ ሰው ሁሉ ንግግሩ እንዴት ግሩም ነበር ሲለኝ ዘንግቼው ዋልኩ። በእግራቸው የሄዱት አባት በዚያ ናፍጣ ነው ሜዳውን ሙሉ የተሰሙት። ወላዷ ግን የሚያበራላት አጣች።

ነገ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ። ለእትዬም።

ዓርብ

ስብሰባ ነበረ። አልነገርኩም።

ቅዳሜ

ዛሬም።

ሰኞ

ለጋሼ የመከላከያውን ንግግር ሰጠኋቸው። ይቅርታ ያለበት፣ ግን ጥፋት የሌለበት። ሲወስዱት እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «አነበዋለሁ» አሉ። ይህን ቃል ከእሳቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ይኼኔ ልናገር ነበር፣ ጸሐፊዋ ገባች። ጸሐፊዋ ባትገባም የምናገር አይመስለኝም።

ማክሰኞ

ጋሼ ወረዱ።

እንደሆነው ልጻፈው። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፣ ሻማው ከኋላ ቆሟል። አፈ ጉባኤው ጋሼን እንደገና አስማሏቸው። ጋሼ ወረቀቴን አወጡ፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ያለ ወረቀት ተናገሩ። ድምፃቸው ያስጠላ ነበር። ቃላት ይጠፋባቸዋል፣ ተመልሰው ይጀምራሉ።

«አልሄድኩም» አሉ። «ቤቴ ነበርኩ። መስኮት አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ናፍጣውን የወሰድነው እኛ ነን። ይሄ ሰውዬ፣ እ… ይሄ ወንድማችን፣ ምንም አላጠፋም። ይሄው ነው።»

እትዬ ተነሳች። «ያቺን ዓረፍተ ነገር ማን ጻፋት?»

ጋሼ ወደ እኔ አልዞሩም።

«እኔ» አሉ። «እኔው ነኝ የጻፍኳት።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

እትዬ ቆማ ቀረች። እሳቸውን አልነበረም የምታየው። አፈ ጉባኤው ከድምፅ በፊት ሌላ የሚናገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ፣ አዳራሹን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ጊዜም ሰጡ። ጫማዬን አየሁ። ክሩ ተፈቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ አሰርኩት። ቀና ስል እጆች ወጥተው እየተቆጠሩ ነበር። ጋሼን የደገፉ ጥቂት ናቸው።

ማታ ባለቤቴ «እትዬ ከንቲባው ሄደው ነበር ወይ ብላ ስትጠይቅህ ፊትህን አይቻለሁ» አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ሐሙስ

ጋሼ ዕቃቸውን ሲያነሱ ላግዝ ሄድኩ። ብዙ ዕቃ የላቸውም።

«ለምን?» አልኳቸው። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም።

«የማልኩት እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህ። ደግሞ መውረዴ ካልቀረ ሁለታችንም ብንወርድ ለማን ይጠቅማል?» የሣጥኑን ክዳን ሊገጥሙ ታገሉ፣ አልገጥም አላቸው። ከዚያ ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን የራሴን ንግግር ሳደርግ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ከውሸት አላመለጠም።»

ናፍጣውን ማስመለስ የኔ ፋንታ እንደነበረ አላነሱትም። እኔም አላነሳሁትም።

መንገድ ላይ ሳስበው ሌላ ነገር መጣልኝ። አሁን ወጥቼ እውነቱን ብናገር ጋሼ ለሁለተኛ ጊዜ በሐሰት ማሉ ተብለው ሊከሰሱ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አለብኝ። ለእሳቸው ስል። እንዴት ያለ ምቹ ምክንያት ነው፤ አስቤ ብጽፈው እንኳ እንዲህ አያምርልኝም። አፍሬ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ፣ ሰው ገፋ አድርጎኝ አለፈ።

የእትዬን ሚዛን ልመዝንበት ሞከርኩ። የጋሼ ሁለተኛ ውሸት ማን ላይ ወደቀ? ራሳቸው ላይ ብቻ። በእሷ ሕግ ቢሆን ለዚህኛው አይወርዱም ነበር። የኔን መመዘን ጀምሬ ተውኩት።

እሑድ

ሻማው ወደ ሥራው ተመለሰ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቤት ድረስ መጣ። ባለቤቴ ሻይ አፈላች። ብዙ ሰዓት ስለ አየሩ ካወራን በኋላ ብርጭቆውን አስቀመጠና በሁለት እጁ እጄን ያዘ።

«አዋላጇ ነግራኛለች» አለኝ። «ያን ጽሑፍ ያረምክላት አንተ ነህ አሉ። የራስህ አለቃ ላይ። እንጀራህን ሳታስብ፣ ለማታውቀው ሰው ብለህ። ሌላ ሰው ቢሆን አያደርገውም።»

ባለቤቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ታየኛለች። እጁ ሞቃት ነው፣ ጣቶቹ ሸካራ ናቸው፣ እጄን አልለቀቀም። አሁን አልኩ። አሁን ይሁን።

«ኧረ እኔ ምንም አላደረግኩም» አልኩት።

«እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አላየሁም» አለና ሻዩን ጠጣ።